አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ፦ ከዓይን ሌዘር በፊት ስለሚደረገው ምርመራ

ውድ አንባቢ፣ መነጽር ያደርጋሉ? ካደረጉ፣ ጠዋት ከእንቅልፍዎ ሲነሡ እጅዎ መጀመሪያ የሚዳብሰው መነጽሩን ነው። ከመካነ ሰላም ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገቡ ጉም ይለብስብዎታል። ክረምት ሲሆን ዝናቡ ያለብሰዋል፤ ልጅ ታቅፈው ሲያጫውቱ ይነጥቅዎታል። አንድ ቀን ወድቆ የተሰበረ እንደሆነ ደግሞ በልክዎ የሚሠራልዎትን ፍለጋ ደሴ ድረስ መውረድ ሊኖርብዎ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ኑሮ ላይ ሳሉ አንድ ወዳጅዎ መጥቶ፣ «እገሌ እኮ ሌዘር ተሠርቶ መነጽሩን ጣለው! ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም» ቢልዎት ልብዎ መነሣቱ አይቀርም። ዐረብ አገር ያለች እህትዎ ገንዘቡን ልትልክ ትችላለች። አባትዎ በሬ ለመሸጥ ሊነሡ ይችላሉ። ታዲያ ገንዘቡ ከመላኩ፣ በሬውም ገበያ ከመውጣቱ በፊት ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ቀዶ ሕክምናው በእርግጥ የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ነው። የሚወስነው ግን ከእርሱ በፊት የሚደረገው ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ምርመራ ነው። «ይሠራ» ወይም «አይሠራ» የሚባለው እዚያ ነው። ዛሬ ስለዚህ ምርመራ ከእርስዎ ጋር እንወያያለን።

መጀመሪያ ነገሩን በስሙ እንጥራው

በአገራችን «ሌዘር» የሚለው ቃል ለብዙ ነገር ያገለግላል። እናት ዓይናቸው ፈዝዞ መንገድ ሲጠፋባቸው፣ «ሌዘር ያስፈልጋቸዋል» ይባላል። የዓይን ፀጉር ተቀልብሶ የሚወጋት ሴትም፣ ሰሌዳው የማይታየው ተማሪም ያው «ሌዘር» ይባልላቸዋል። ሦስቱም ግን የተለያየ ሕመም ነው፤ የተለያየ ሕክምናም ይሻል።

እናት ምናልባት የዓይን ሞራ ይዟቸው ይሆናል። የዓይን ሞራ የሚወገደው በቀዶ ሕክምና ነው፤ በቦታውም ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። የተቀለበሰ የዓይን ፀጉር የትራኮማ ጠባሳ ነው። ይህንን በክልላችን በየጤና ጣቢያው የሠለጠኑ ነርሶች ሳይቀሩ በትንሽ ቀዶ ጥገና ያስተካክሉታል። መነጽር የሚያስጥለው ሌዘር የሚመለከተው ሦስተኛውን፣ ማለትም የሩቁን ወይም የቅርቡን አጥርቶ ማየት የተሳነውን፣ በሌላው በኩል ግን ጤነኛ የሆነውን ዓይን ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በመላ ኢትዮጵያ የተደረገው የዓይነ ስውርነት ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር፣ 3.7 ያህሉ ደግሞ የማየት አቅሙ የቀነሰ መሆኑን አሳይቷል። ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነበር፤ ትራኮማ ያስከተለው የዓይን ጠባሳ ደግሞ 11.5 በመቶውን። ማየታቸው ከቀነሰው መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ግን የጎደላቸው መነጽር ብቻ ነበር! እንግዲህ ብዙ ሰው በሌዘር ስም ገንዘብ ሲያጠራቅም፣ የሚፈልገው ነገር ምናልባት ቅርብና ርካሽ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ከአዲስ አበባ አይጀምርም። በአቅራቢያዎ ባለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የዓይን ክፍል፣ ከዚያም አልፎ ደሴ አጠገብ ባለውና በዓይን ሕክምና በሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ «ዓይኔ የማያየው ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳያገኙ ስለ ሌዘር መነጋገር በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መግዛት ነው።

ሌዘሩ ምን ያደርጋል?

ዓይናችን ከፊት ለፊት እንደ ሰዓት መስታወት የጠራ ሽፋን አለው፤ ኮርኒያ ይባላል። በአገራችን የዓይን ብሌን ልገሳ ሲባል የምንሰማው ይህንኑ ነው። ብርሃን ወደ ዓይን ሲገባ አብዛኛውን የሚሰበስበው እርሱ ነው። የዓይን ኳስ ረዘም ካለ ወይም ኮርኒያው ከሚገባው በላይ ከጎበጠ የሩቁ ይደበዝዛል። ኳሱ ካጠረ ደግሞ በተለይ የቅርቡ ያስቸግራል። የኮርኒያው ጉብታ በሁሉም በኩል እኩል ካልሆነ ምስሉ ይንሻፈፋል።

ኤክሳይመር የተባለው ሌዘር ከኮርኒያው ላይ በሺህ የሚቆጠር የሚሊ ሜትር ክፋይ እየላገ ቅርጹን ያስተካክላል። ይህ ብርሃን ሥጋን ሳያቃጥል በጥራት እንደሚልግ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን፣ በአሜሪካ አይ ቢ ኤም ኩባንያ ውስጥ ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሳን የተባለ ሳይንቲስት ከበዓል በተረፈ የተርኪ ሥጋ ላይ ሞከረው። በ1990 ግሪካዊው ሐኪም ዮአኒስ ፓሊካሪስ ዛሬ ላሲክ የምንለውን ዘዴ ሠራ። በዚህ ዘዴ ከኮርኒያው ላይ ስስ ክዳን ተከፍቶ ይነሣል፤ ከሥሩ በሌዘር ይላጋል፤ ክዳኑም ይመለሳል። ከእርሱ የቀደመው ፒ አር ኬ የተባለው ዘዴ ክዳን አይከፍትም፤ ላዩን ገፍፎ ይልጋል። ሕመሙ ለጥቂት ቀናት ይበረታል፤ ዓይን የሚጠራውም ቀስ ብሎ ነው።

ልብ ይበሉ! የተላገ ኮርኒያ አይመለስም። ቀሚስ ሰፊ ጨርቁን አንዴ ከቆረጠ በኋላ ቢያጥር ሊያስረዝመው አይችልም። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የተባለው ለዚሁ ነው። ምርመራው ይህ ሁሉ መለካት ነው።

ከቤት ከመነሣትዎ በፊት

ከመካነ ሰላም፣ ከወግዲ፣ ከከለላ ወይም ከሳይንት የሚነሣ ሰው በአቃስታና በጉጉፍቱ አድርጎ ደሴ ለመድረስ ብቻ ቀኑን በመኪና ያሳልፋል። ከዚያ አዲስ አበባ ሌላ ቀን ነው። የመንገዱንም ጸጥታ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ባዶ እጅ ሄዶ «ተመልሰው ይምጡ» መባል ትልቅ ኪሳራ ነው። የሚከተሉትን አስቀድመው ያሟሉ።

*ዕድሜ።* ዓይን እያደገ ሳለ ሌዘር አይሠራም። ቢያንስ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሐኪሞች እስከ 21 ይጠብቃሉ። ሰሌዳው አጠገብ ሄዶ የሚቆም ልጅ ካለዎት ሌዘሩን እርሱት፤ መነጽር ይግዙለት። ዛሬ ያላየው ትምህርት ለሌዘር ዕድሜው እስኪደርስ አይጠብቀውም።

*የመነጽርዎ ቁጥር።* ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ከግማሽ ዳዮፕተር በላይ ተለውጦ ከሆነ ዓይንዎ ገና አልረጋም። ዛሬ ቢሠራ ነገ ተመልሶ ይደበዝዛል። ለዚህ ማስረጃው ያለፉት ዓመታት የመነጽር ማዘዣ ወረቀቶች ናቸው። ከሳጥን አውጥተው ይያዟቸው፤ ከጠፉም አሮጌውን መነጽር ይዘው ይሂዱ። መነጽሩ ተለክቶ ቁጥሩ ይታወቃል።

*ኮንታክት ሌንስ።* ዓይን ላይ የሚለጠፈውን ሌንስ የሚያደርጉ ከሆነ ከምርመራው በፊት ያቁሙት። ለስላሳውን ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት፣ ጠንካራውን ደግሞ ሦስትና አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ማውለቅ ይገባል። ሌንስ የኮርኒያን ቅርጽ ይጫነዋል፤ ሳይለቅ ቢለካ ልኩ ሐሰት ይሆናል።

*የጤናዎ ታሪክ።* ስኳር፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ሕመም ካለብዎ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ አይደብቁ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ትቆይ። በእነዚህ ጊዜያት የዓይን ልክ ይለዋወጣል፤ ጡት ካስጣለች ከጥቂት ወራት በኋላ ትለካ።

*አብሮ የሚሄድ ሰው።* በምርመራው ቀን ብሌንን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረጋል። ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ድረስ የቅርቡ ይደበዝዛል፤ ፀሐይም ያንጸባርቃል። ከተማውን ለማያውቅ ሰው በዚያ ሁኔታ ብቻውን መናኸሪያ መፈለግ አደገኛ ነው። ኮፍያና የፀሐይ መነጽርም ይያዙ።

በምርመራው ክፍል ውስጥ

አሁን ወንበሩ ላይ ተቀመጡ እንበል። ምን ምን ይደረግልዎታል?

አንደኛ፣ *የማየት አቅምና የመነጽር ልኬት።* በፊደላቱ ሰሌዳ ይጀመራል። «ይኼኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?» እየተባለ ሌንሱ ይቀያየራል። ልዩነቱ ካልታየዎት «አንድ ነው» ይበሉ፤ ሐኪሙን ለማስደሰት አይገምቱ። ፈተና አይደለም፤ የሚላገው የእርስዎ ዓይን ነው። ከጠብታው በኋላ ልኬቱ ይደገማል። የወጣት ዓይን ውስጡ ያለው ጡንቻ ብርቱ ስለሆነ ሳያውቀው እየጨበጠ ሐሰተኛ ቁጥር ይሰጣል። ጠብታው ጡንቻውን ሲያዝናናው እውነተኛው ቁጥር ይወጣል። ሁለቱ ልኬቶች በጣም ከተራራቁ ሌዘሩ በየትኛው ሊሠራ ነው? ይህ ሳይጣራ ወደፊት አይኬድም።

ሁለተኛ፣ *የኮርኒያ ካርታ።* አገጭዎን አሳርፈው ወደ መሣሪያው ይመለከታሉ። መሣሪያው የኮርኒያውን ከፍታና ዝቅታ ልክ እንደ መልክዓ ምድር ካርታ በቀለም ያሳያል። ቀዩ የበለጠ የጎበጠው፣ ሰማያዊው ጠፍጠፍ ያለው ነው። ደንቆሮ ጫካ ያለበትን ተራራና የዐባይን ሸለቆ በአንድ ካርታ ላይ እንደ ማየት ነው። ከምርመራዎቹ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሦስተኛ፣ *የኮርኒያ ውፍረት።* ጤነኛ ኮርኒያ በመካከሉ በአማካይ 540 ማይክሮን ያህል ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። ከዚህ ላይ ነው የሚላገው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

አንዲት ወጣት የኮርኒያዋ ውፍረት 530 ማይክሮን፣ የመነጽሯ ቁጥር ደግሞ ማይነስ 6 ይሁን። ለላሲክ ክዳኑ 110 ማይክሮን ይወስዳል። ለእያንዳንዱ ዳዮፕተር በግምት 14 ማይክሮን ይላጋል፤ ለ6ቱ 84 ነው። ከ530 ላይ 110 እና 84 ሲቀነስ 336 ይቀራል። ከክዳኑ ሥር ቢያንስ 250 ማይክሮን መትረፍ አለበት የሚለውን ደንብ በሚገባ ያሟላል።

አሁን ደግሞ ወንድሟን እንውሰድ፤ ውፍረቱ 480፣ ቁጥሩ ማይነስ 9። ክዳኑ 110፣ የሚላገው 126፤ የሚተርፈው 244 ብቻ ነው። ከደንቡ በታች ነው! ጥንቃቄ የሚያበዙ ሐኪሞች ደግሞ 280 እና 300 ካልተረፈ አይነኩም። እኅት ተሠርታ ወንድም «አይሆንም» ቢባል ሐኪሙ አዳልቶ አይደለም፤ ሒሳቡ ነው። ኮርኒያው ከመጠን በላይ ከሳሳ የዓይኑን ግፊት መቋቋም ያቅተውና ወደ ፊት ይወጠራል፤ ከበፊቱ የባሰ መደብዘዝ ያመጣል።

አራተኛ፣ *እንባ።* ሌዘሩ የኮርኒያን ስስ ነርቮች ስለሚቆርጥ ዓይን ለወራት ይደርቃል። ቀድሞውኑ የደረቀ ዓይን ከሆነ ሥቃዩ ይበዛል። ስለዚህ በታችኛው የዓይን ቆብ ላይ ትንሽ የወረቀት ቁራጭ ተሰክቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስንት ሚሊ ሜትር እንደራሰ ይለካል። ከ5 በታች ከሆነ ዓይኑ በጣም ደረቅ ነው። ደግሞም ሳያርገበግቡ ሲቆዩ የእንባው ሽፋን በስንት ሴኮንድ እንደሚበጣጠስ ይታያል፤ ከ10 ሴኮንድ ካነሰ ጥሩ ምልክት አይደለም።

አምስተኛ፣ *የብሌን ስፋት በጨለማ።* በጨለማ ብሌኑ በጣም የሚሰፋ ሰው ሌሊት ከመብራት ዙሪያ ቀለበትና ጨረር ሊታየው ይችላል። ሌሊት መኪና የሚነዳ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ስድስተኛ፣ *የዓይን ግፊት።* ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ነው። ግላኮማ ድምፅ ሳያሰማ የሚያሳውር ሕመም ስለሆነ ይህ መለካቱ ለሌዘር ባይሆን እንኳ ጥቅም አለው። ከሌዘር በኋላ ኮርኒያው ስለሚሳሳ የግፊት መለኪያው ከእውነተኛው ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ የዛሬው ቁጥር ተጽፎ መቀመጥ አለበት።

ሰባተኛ፣ *የዓይን ጀርባ።* ብሌኑ ሰፍቶ ሬቲናው ይታያል። ማይነሱ የበዛ ሰው የዓይን ኳሱ ስለረዘመ ሬቲናው ይሳሳል፤ አንዳንዴም ይቀደዳል። ሌዘሩ የሚያስተካክለው የፊቱን ብቻ ነው፤ ኳሱን አያሳጥረውም። መነጽሩን ጥለውም አደጋው እንዳለ ይቀጥላል። ድንገት ብልጭታ ከታየዎት፣ ጥቁር ነጠብጣብ ከበዛብዎት ወይም መጋረጃ የወረደ ከመሰለዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ለእኛ አካባቢ ዓይን ልዩ ትኩረት

እነዚህ ምርመራዎች የትም ዓለም አንድ ናቸው። ሆኖም ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ሰው ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማንሣት ይገባል።

የመጀመሪያው *የሚያሳክክ ዓይን* ነው። በልጅነቱ ዓይኑ እየቀላ፣ እያሳከከ፣ ፀሐይ እየፈራ ያደገ ሰው በየሰፈሩ አለ። አቧራና ጭስ ያብሰዋል። ልጁ ቀኑን ሙሉ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ሲያሽ ይውላል፤ «ተው!» እንለዋለን እንጂ ምን እያደረሰ እንደሆነ አናስበውም። በኃይልና በተደጋጋሚ ማሸት ኮርኒያን ከሚያዳክሙ ነገሮች አንዱ ነው። የተዳከመው ኮርኒያ ሳስቶ እንደ ሾጣጣ ጎጆ ክዳን ወደ ፊት ይወጣል፤ ይህ ኬራቶኮነስ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ በአፍላነት ዕድሜ ይጀምርና እስከ ሠላሳዎቹ ይቀጥላል።

የዚህ በሽታ አስቸጋሪነቱ መጀመሪያ ላይ ተራ የመነጽር ችግር መምሰሉ ነው። ቁጥሩ በየጊዜው ይጨምራል፤ መነጽር ይቀየራል፤ እንደገና አያጠራም። ሰውየው ተሰላችቶ «ሌዘር ልሠራና ልገላገል» ይላል። የሳሳውን ኮርኒያ በሌዘር ማሳሳት ግን ጥፋቱን ማፋጠን ነው። ከላይ ትልቁ ምርመራ ያልነው ካርታ ይህን ገና ሳይጠና ያሳያል። ስለዚህ ዓይንዎን የማሸት ልማድ ካለዎት ወይም ከነበረዎት፣ ሐኪሙ ባይጠይቅዎ እንኳ ይንገሩት።

ሁለተኛው *የትራኮማ ጠባሳ* ነው። ከላይ በጠቀስነው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከተመረመሩት ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ በዘመቻ በታደለው አዚትሮማይሲን፣ በፊት መታጠብና በመጸዳጃ ቤት ሥራ ብዙ ተደክሟል። ያን ጊዜ ሕፃን የነበሩት ግን ዛሬ ወጣቶች ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ የገቡም አሉ። በሽታው ቢድንም ከዓይን ቆብ ውስጥ ጠባሳ ሊተው ይችላል። ጠባሳው እንባ የሚያመርቱትን ዕጢዎች ይጎዳል፤ ፀጉሩንም ወደ ውስጥ ይመልሳል። ስለዚህ ሐኪሙ የላይኛውን ቆብ ገልብጦ ውስጡን እንዲያይልዎ ይጠይቁ። የደቂቃ ሥራ ነው።

ሦስተኛው *ደጋው ራሱ* ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በዚህ ከፍታ የፀሐይዋ ጨረር ይበረታል። በተለይ በፒ አር ኬ ለተሠራ ሰው ብርቱ ጨረር ኮርኒያው ላይ ጭጋግ ሊያመጣ ስለሚችል ለወራት የፀሐይ መነጽር ማድረግ ይኖርበታል። በላሲክ የተሠራ ደግሞ ክዳኑ እንዳይንሸራተት ዓይኑን ከማሸትና ከመመታት ይጠብቃል። እህል የሚወቃ፣ ከብት የሚነዳ፣ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ለስንት ጊዜ ከሥራ እንደሚርቅ አስቀድሞ ይጠይቅ። የክትትል ቀጠሮዎችም አሉ፦ በማግስቱ፣ በሳምንቱ፣ በወሩ፣ ከዚያም በየጥቂት ወሩ። የመጀመሪያውን ሳምንት እዚያው ከተማ ማረፊያ ሳያገኙ መሠራት አይመከርም።

«አይሆንም» ቢባሉስ?

ይህን ያህል ተጉዘው፣ ገንዘቡ ተዘጋጅቶ፣ ቤተሰብ ሁሉ እየጠበቀ ሳለ «ዓይንዎ ለሌዘር አይሆንም» መባል ያሳዝናል። አንዳንዱ ተናዶ «እሺ የሚለኝ አላጣም» ብሎ ሌላ በር ያንኳኳል። የሌላ ሐኪም አስተያየት መጠየቅ መብትዎ ነው፤ መልካምም ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውን ምርመራ ውጤት ደብቆ «እሺ» የሚል መፈለግ ራስን መጉዳት ነው።

«አይሆንም» ያለው ሐኪም ገቢውን ትቶ ዓይንዎን ጠብቆልዎታል። ደግሞም ከ«አይሆንም» በኋላ መንገድ አለ። ኬራቶኮነስ ገና ሲጀምር ከተደረሰበት፣ በቫይታሚን ጠብታና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ኮርኒያውን የሚያጠነክር ሕክምና አለ፤ በጀርመን ድሬስደን ከተማ የተጀመረ ነው። ያጣውን እይታ አይመልስም፤ መባባሱን ግን ያቆማል። ጠንካራ ኮንታክት ሌንስም ብዙ ሰው ይረዳል። እጅግ የጠናበት ንቅለ ተከላ ይደረግለታል፤ የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተቋቋመ ወዲህ ከሞት በኋላ ብሌናቸውን በለገሱ ወገኖች የበርካታ ሰው ዓይን በርቷል። ሌዘር ሊሠራ ሄዶ በዚህ ምርመራ ኬራቶኮነሱ የታወቀለት ወጣት ባይሄድ ኖሮ ዓይኑ የሚደርስበትን ያስቡት!

ኮርኒያው ለሳሳ፣ ማይነሱ ለበዛ ደግሞ ኮርኒያውን ሳይነኩ ከውስጥ ሌንስ የሚጨምሩበት ዘዴ አለ፤ የራሱ ምርመራና የራሱ አደጋ አለው። ከሁሉ ቀላሉ አማራጭ ግን ፊትዎ ላይ ያለው መነጽር ነው። መነጽር ነውር አይደለም። «መነጽር ያደረገች ልጅ አታገባም» የሚለውን ወሬ በቤታችን እንዳይሰማ እናድርግ። ልጃገረዶች ከዓይናቸው ጤና ይልቅ ለመልካቸው እንዲሳቀቁ የሚያደርግ ወሬ ነው።

በቤተሰብ ተቀምጦ መመካከር

ግንብ ለመሥራት የተነሣ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ጌታችን በምሳሌ ማስተማሩን እናውቃለን። ይህም ግንብ ነው። ወጪው የቀዶ ሕክምናው ዋጋ ብቻ እንዳይመስልዎ። የመኪናው፣ የማረፊያው፣ የአጃቢው፣ ለወራት የሚደረገው ጠብታ፣ ለክትትል የሚደረገው ምልልስ አለ። ስለ ሕክምናው ጸሎት ማስያዝ መልካም ነው፤ ጸሎቱ ግን ምርመራውን እንድንዘልል ፈቃድ አይሰጠንም።

ከሁሉ በፊት የምርመራውን ገንዘብ ብቻ ይዘው ይሂዱ። በሬው አይሸጥ፤ እህትዎም ጠቅላላውን አትላክ። «ይሆናል» ሲባል ያን ጊዜ ይደረሳል። ሐኪሙን ደግሞ እነዚህን ይጠይቁ፦

የኮርኒያዬ ውፍረት ስንት ነው? ተሠርቶ ስንት ይቀራል?
ካርታው ጤነኛ ነው ወይስ የሚያጠራጥር ነገር አለው?
ዓይኔ ደረቅ ነው? መጀመሪያ መታከም አለበት?
ላሲክ ነው ፒ አር ኬ ይሻለኛል? ለምን?
ቁጥሩ ቢመለስ ወይም ችግር ቢፈጠር ማን ያየኛል? የትስ?

ዕድሜዎ ወደ አርባ ከተጠጋ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ «የማነብበትስ?» ከአርባ በኋላ የቅርቡ ለሁሉም ሰው ይደበዝዛል። ማይነስ ያለበት ሰው መነጽሩን አውልቆ ያነባል። በሌዘር የሩቁ ሲስተካከልለት ይህን ያጣና ለማንበብ መነጽር ይገዛል። መጽሐፍ ቅዱሱን በቀላሉ ሲያነብ የነበረ ሽማግሌ ከሌዘር በኋላ «ዓይኔን አበላሹት» ብሎ የሚያዝነው ይህ አስቀድሞ ስላልተነገረው ነው።

በመጨረሻም ወረቀቶችዎን ይጠብቁ። ከሌዘር በፊት የነበረው የመነጽር ቁጥር፣ ካርታው፣ ውፍረቱ፣ የዓይን ግፊቱ የተጻፈበትን ቅጂ ጠይቀው ይውሰዱ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የዓይን ሞራ ሲይዝዎ የሚተከለው ሌንስ ኃይል የሚሰላው በኮርኒያው ቅርጽ ነው። ቅርጹ በሌዘር ተለውጦ ሳለ ሐኪሙ ካላወቀ ስሌቱ ይሳሳታል። ያ ወረቀት ያን ጊዜ ዋጋው ትልቅ ይሆናል። ከመሬት ደብተርዎና ከልጆችዎ የልደት ካርድ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡት።

ውድ አንባቢ፣ አባቶቻችን «ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው» ይላሉ። ዓይን እንዲያይ የሚደረገው ጥረት ሁሉ የተገባ ነው፤ መነጽር መጣል መመኘትም ኃጢአት አይደለም። ብቻ በዓይን ላይ የሚደረግ ነገር ጥድፊያ አይወድም። «ዛሬ ተመርምረው ነገ ይሠራሉ፣ ቅናሽ አለ» የሚልዎ ቢኖር ረጋ ይበሉ። ተለክተው፣ ጠይቀው፣ ከቤተሰብ ተማክረው ይወስኑ። ይህንንም ያነበቡትን መነጽር ላለው ልጅዎ፣ መካነ ሰላም ግቢ ለሚማረው የእኅትዎ ልጅ፣ ዐረብ አገር ሆና ገንዘብ ለምታጠራቅመው እህትዎ ያካፍሉ። ዓይኑን ሲያሽ የሚውል ልጅ በቤትዎ ካለ ደግሞ ሌዘር የሚሠራበትን ዕድሜ አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።